"ቤቶች!"

በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች በር ብዙ አይንኳኳም ነበር። የመጣው ሰው ደጅ ቆሞ "ቤቶች!" ይላል፤ ከውስጥም "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ!" ይባላል። የሰፈሩ ስም ራሱ ከቤት የመጣ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች የተገኘ ሲሆን፣ "ካዛ" በቋንቋቸው ቤት ማለት ነው።

ነርስ ስለነበርኩ ጥሪው ወደኔ ይበዛ ነበር። ግፊት የሚያስለካ፣ መርፌ የሚያስወጋ፣ ልጁ ሌሊት ያተኮሰበት። ሁሉም "ሲስተር" ይሉኛል። ካቶሊክ መሆኔን የሰሙ ሕፃናት ታዲያ መነኩሲት እመስላቸው ነበር፤ ሦስት ልጅ ወልጄ! በአገራችን ጥቂት ነን፤ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላንም። ጎረቤቶቼ ኡራኤል ወይም ቂርቆስ የሚያስቀድሱ፣ አንዳንዶቹም መስጊድ የሚሄዱ ነበሩ። ምጥ የያዛት ስትኖር ግን "ማርያም፣ ማርያም" የምንለው አብረን ነው።

ማታ ማታ አንድ ልማድ አለኝ። የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጢዮስ ያስተማሩት የኅሊና ምርመራ ይባላል። (ማኅበሩ በታሪካችን ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ስሙ የሚነሣው ነው፤ እሱን ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው።) ኢግናጢዮስ ወታደር ነበሩ። በ1521 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እግራቸው በመድፍ ተሰብሮ በተኙበት ጊዜ፣ የትኛው ሐሳብ ደስታ ትቶላቸው እንደሚሄድ፣ የትኛው ባዶ እንደሚያደርጋቸው ማስተዋል ጀመሩ። ነገሩ ከበሽተኛ አልጋ መጀመሩ ለእንደኔ ዓይነቷ ደስ ይላል። አሠራሩም ቢሆን ተረኛ ነርስ ለተተኪዋ እንደምታስረክበው ሪፖርት ነው፦ በምስጋና ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ እያያችሁ እግዚአብሔርን የት እንዳገኛችሁት ትጠይቃላችሁ።

ታክሲ ቶሎ ሲመጣ "እግዚአብሔር ላከልኝ" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አልወደውም። ሰልፉ ላይ የቀሩትስ? የኔ ሪፖርት ላይ የሚገባው ሰው ነው፤ በተለይም ጎደለብኝ ብሎ የጠራኝ።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈራችን ለልማት ፈረሰ። ጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ፤ እኔ እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ልጄ አፓርታማ ገባሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃ አለው፤ ይህን አልክድም። ግን ጥበቃና ደወል ባለበት "ቤቶች!" የሚል የለም። ለሳምንታት ማታ ቁጭ ስል የማስረክበው ሪፖርት አጣሁ። ጸሎቴ ራሱ ደረቀ።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ እትዬ የምላቸው የቀድሞ ጎረቤቴ ናቸው። "ሲስተር፣ ራሴን ያዞረኛል። የሚለካኝ ሰው አላገኘሁም፤ አንቺም ጠፋሽ" አሉኝ። ቅዳሜ የግፊት መለኪያዬን ይዤ፣ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን አስከትዬ፣ አውቶቡስና ታክሲ እየቀያየርን ሄድን። ደረጃው አስታከተኝ። በራቸው ላይ ስደርስ ደወል አልፈለግሁም።

"ቤቶች!"

"ቤት የእግዚአብሔር ነው! ግቢ፣ እናቴ!"

ግፊታቸው 170 በ100 ነበር። ክኒናቸው ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የድሮው ጤና ጣቢያ ራቃቸው፣ አዲሱን የሚያሳያቸው አላገኙም። ቡና ፈላ፤ ድፎ ዳቦ ቀረበ። እትዬ ቢላዋውን ለልጅቷ ሰጡና "እንግዳ ይቁረስ" አሏት።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ላይ ወደ ኤማሁስ የሚሄዱትን ሁለት ደቀ መዛሙርት አስታወስኩ። መንገደኛውን መሽቷል ብለው አስገቡት፤ ማዕድ ላይ ግን እንጀራውን የቆረሰው እንግዳው ነበር፣ እነሱም ያወቁት ያኔ ነው። በካዛንቺስ ዘመኔ ሁሉ በር ከፋቿ እኔ ነበርኩ። ገላን ጉራ ላይ ደጅ ቆሜ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ "ግቢ" የተባልኩትም እኔ።

ማታ የልጅ ልጄን "ዛሬ እግዚአብሔርን የት አገኘሽው?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ደረጃው ላይ ቦርሳሽን የያዘልን ልጅ" አለች። እኔ ልጁን ረስቼው ነበር።

እትዬ ሰኞ ጤና ጣቢያ ሊሄዱ ቃል ገብተውልኛል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው መንገዱን ልታሳያቸው ተስማምታለች። ማክሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።