የዘይቱን አደራ



በአገራችን ብዙ ሰው «ዘይቱን» ብሎ የሚጠራውን ፍሬ ዓረቦች «ጀዋፋ» ይሉታል። በዶሐ ገበያ ዘይቱን ብሎ የጠየቀ ሰው የሚሰጠው የወይራ ፍሬ ነው። ይህን የነገረችኝ በምሠራበት ቤት ከእኔ በፊት የነበረች እኅት ናት። የ2 ዓመት ውሏ አልቆ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ከገበያ ከገዛችው ፍሬ ዘር ያበቀለቻትን የዘይቱን ተክል በአደራ ሰጠችኝ። ከዘር የበቀለች ዘይቱን ብዙ ጊዜ እስክታፈራ 3 ወይም 4 ዓመት ትቆያለች፤ እኅቴም የማትቀምሰውን ፍሬ መትከሏን ታውቅ ነበር።

ዘይቱን ሙቀትን ትወዳለች፤ ነገር ግን አብዛኛው ሥሯ ከመሬት ገጽ ስለማይርቅ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዶሐ ቶሎ ትጠማለች። የቧንቧው ውኃ በጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ሲግል ስለሚውል፣ በቀትር ማጠጣት ሥሯን መቀቀል ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ አጠጣታለሁ። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውንም ውኃ በባልዲ አጠራቅምላታለሁ፤ ጨው የለበትምና ይስማማታል። ግንዷን ሳላስነካ ዙሪያዋን በደረቀ የተምር ቅጠል እሸፍናለሁ። የአገሩ አፈር አሸዋማና ኖራ የበዛበት በመሆኑ፣ የለጋ ቅጠሏ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ቢጫ ሲሆን ብረት እንዳነሳት አውቃለሁ፤ ለዚሁ የሚሸጠውን ማዳበሪያ ከብስባሽ ጋር እጨምርላታለሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ በጾመ ነቢያት፣ የመጀመሪያዎቹን 7 ፍሬዎች ሰጠች። ዝንብ እንዳይወጋቸው ገና ሳይበስሉ እያንዳንዳቸውን በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍኜአቸው ነበር። ከእኅቶች ጋር ተካፈልናቸው። ፎቶግራፋቸውን ለተከለቻት ብልክላት ጣዕማቸውን ጠየቀችኝ፤ «ዘሩ ይበዛል እንጂ ማር ነው» አልኋት።

አሁን የእኔም ውል በመጪው ግንቦት ያበቃል። በቦታዬ የምትተካው ከየት አገር እንደምትመጣ ስለማላውቅ፣ የማጠጫውን ሰዓት በአማርኛና በዓረብኛ ጽፌ በግድግዳው ላይ ለጥፌአለሁ። ከሁሉ በላይ ተስፋ የጣልሁት ግን በቤቱ ትንሽ ልጅ ላይ ነው። እርሱ ከዚያ ቤት አይሄድም፤ ባልዲውንም ማንም ሳያዝዘው ማንሳት ጀምሯል።

ወደ ገዳም ስንመጣ የምንጠለልባቸውን ዛፎች ማን እንደ ተከላቸው አብዛኞቻችን አናውቅም። ተሳልማችሁ ስትመለሱ ለመንገድ ከያዛችሁት ውኃ የተረፈ ቢኖር፣ በአንድ ችግኝ ሥር አፍስሱት።