ስድስት ደቂቃ

ዛሬም የምጽፍላችሁ ከመኪናዬ ውስጥ ነው። ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ከፊቴ ሠላሳ የሚሆን ነጭ መኪና ተደርድሯል፤ ስለዚህ ጊዜ አለኝ፣ ታገሡኝ።

ጠዋት አንዲት ወጣት ከተርሚኒ ጭኜ ፓርኮ ዴ ሜዲቺ አወረድኩ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፣ ወደ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ ላይ። ስትወርድ በስልክ «ማማ፣ አሁን ደረስኩ፣ በኋላ እደውልልሻለሁ» አለች። ዛሬ ያስጻፈችኝ ያቺ «በኋላ» የምትባል ቃል ናት።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሳው ኢቲ 302 ውስጥ ከነበሩት 157 ሰዎች ሰባቱ የዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ጣሊያናውያኑ በጠቅላላው 8 ናቸው። ከእነሱ አንዱ የባሕር ውስጥ ቅርስ አጥኚው ሴባስቲያኖ ቱሳ ነበር፤ የሲሲሊ የባህል ኃላፊ፣ ለዩኔስኮ ሥራ ወደ ኬንያ የሚሄድ። አውሮፕላኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ተነሳ፣ 2 ሰዓት ከ44 ላይ ከራዳር ጠፋ። ስድስት ደቂቃ። እኔ ከዚህ ሰልፍ ተነስቼ አውራ ጎዳናው ላይ እንኳ በደንብ አልገባም በስድስት ደቂቃ።

ያቺን እሑድ የማልረሳት በራሴ ምክንያትም ነው። ባለቤቴ አዲስ አበባ ነበረች፣ በማግስቱ ወደ ሮም ልትመጣ። በማለዳ ደወለችልኝ። ሽሮ ይብዛ ወይስ በርበሬ ነው ጥያቄዋ። ከሻንጣው ኪሎ ጋር እየተሟገተች። እኔም «የፈለግሽውን አምጪ፣ ተሳፋሪ አለኝ» ብዬ ዘጋሁት። ተሳፋሪ አልነበረኝም፣ ወዳጆቼ። ቡና ልጠጣ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ የሶማሊያ ልጅ፣ እሱም ሹፌር ነው፣ መስኮቴን አንኳኳና «የእናንተ አውሮፕላን ወደቀ» አለኝ። የበረራው ቀን ነገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ግን በዚያች ሰዓት ማን ያሰላል? ደወልኩ፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አታነሳም። አርባ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆንኩ። በመጨረሻ ስታነሳ «ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ጎረቤት ቡና ጠርተውኝ ነው፣ በረካ ላይ ነን፣ ምነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «ሽሮው ይብዛ» አልኳት።

መሐንዲስ ነበርኩና ነገሩን ሳልመረምር አልተውኩም። አውሮፕላኑ ከተረከቡት አራት ወር ገደማ ነበር፣ አዲስ ነው። አፍንጫው ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት፤ አፍንጫውን ወደታች የሚገፋው ሶፍትዌር ግን የሚያነበው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሲዋሽ ሶፍትዌሩ አመነው፣ እየደጋገመ ገፋው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበር፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25። ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው አልቋል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ እኛን ገና ተማሪ ሳለን «የሰው ነፍስ በአንድ ብሎን አይንጠለጠልም» እያሉ ነበር ያስተማሩን።

አንድ ግሪካዊ ደግሞ ለሁለት ደቂቃ ዘግይቶ በሩ ተዘጋበት። እኔ ዘግይቶ የሚመጣ ተሳፋሪ ሲያስጠብቀኝ ስንት ጊዜ ተነጫንጫለሁ!

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የአፈሩ ነገር ነው። አደጋው የደረሰበት ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ የገበሬ ማሳ ነው። አስከሬን ሙሉውን ማግኘት ስላልተቻለ ለቤተሰቦች በመጀመሪያ የተሰጣቸው ከዚያ የተዛቀ አፈር ነበር። በሳምንቱ እሑድ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17ቱ ኢትዮጵያውያን ባዶ ሣጥን ተለቀሰ። ፊቱን አይተህ፣ እጁን ይዘህ ካልተሰናበትክ፣ የሚቀርህ የመጨረሻው የስልክ ወሬ ብቻ ነው። ያ ወሬ ደግሞ ምን ነበር? ለአብዛኛው ሰው ሽሮና በርበሬ ይመስለኛል። የእኔ ደግሞ ውሸት ሊሆን ነበር።

ይህን ለባለቤቴ እስከዛሬ አልነገርኳትም። እዚህ ካነበበችው አነበበችው፣ ይቅርታ የኔ እመቤት።

ይኸው ስልኬ ጠራ፣ እሷ ናት። ይህን ሰዓት የምትደውለው ስለ ሽንኩርት ነው፤ ቀዩን እንዳልረሳ፣ ባለፈው ነጩን አምጥቼ ቁሌቱ ተበላሽቶባታል። ሰልፉ በአራት መኪና ተንቀሳቅሷል፣ ከኋላዬ ያለው ክላክስ እያደረገብኝ ነው።

ይጠብቅ።