«ውሸት ነው» ለሚሉን

ሬስሊንግ በሚታይበት ቤት አንድ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ሰላምታውን ይጨርሳል፤ ጠጋ ጠጋ ተብሎ ቦታ ይለቀቅለታል። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ቀና ብሎ ያይና «ይሄ እኮ ውሸት ነው» ይላል። ከሐረሩ የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች በየትኛውም ብትገቡ ይህን የሚል ሰው አታጡም። ቲያትር ቤት ተቀምጦ፣ ንጉሡ በጎራዴ ሲወጋ «ተዋናዩ እኮ አልሞተም» ብሎ ጎረቤቱን የሚጎነትል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ሬስሊንግ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ መርማሪ ይሆናል።

ለዚያ ሰው የምሰጠውን መልስ ለረጅም ጊዜ ሳሰላስል ኖሬአለሁ። ቤቱን፣ ጓደኞቼንና ከተማውን ሳልጠራ ግን መልሱ አይሞላልኝም።

ቤቱ የአንዱ ጓደኛችን አያት ቤት ነው። ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር ቁልቁል ወርዶ፣ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ከኋላ ሲቀር ወደ አንድ ጠባብ መንገድ መታጠፍ ነው። የድሮ የሐረሪ ቤት ስለሆነ ወንበር የለውም፤ ደረጃ ደረጃ ሆነው የተሠሩት ነደባዎች ላይ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎ ይቀመጡበታል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ማን የት እንደሚቀመጥ ድሮ የተወሰነ ነው፤ ታላቅ ከፍ ካለው፣ ታናሽ ዝቅ ካለው። ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ ግድግዳ አዙሯል። በሩን እያየች የምትቀመጠው የቤቱ ባለቤት ብቻ ናት። ሁላችንም ኡማ እንላታለን። በአንድ ዓይኗ የሚገባውን፣ በአንድ ዓይኗ የሚወድቀውን ታያለች።

እኛ ሬስሊንግን ያወቅነው ከዚህ ቤት በፊት፣ በቪዲዮ ቤት ነው። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፎ ይቆም ነበር፤ የህንድ ፊልሙ፣ ካራቴው፣ ከሥሩ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ሬስሊንግ» ተብሎ በጠመኔ ይጻፍበታል። ካሴቱ፣ በኋላም ቪሲዲው፣ ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ዳገቱን ወጥቶ የሚመጣ ነው። የትኛው ዓመት ግጥሚያ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ቀበቶውን የተነጠቀው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ካሴት ላይ በጥቁር ጸጉር፣ በቀጭን ወገብ፣ ቀበቶውን ታጥቆ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን እርስ በርስ ተከራክረን የሠራነው እኛው ነን። ከዚያ ዲሽ መጣ፤ የሳምንቱን ለሳምንት ማየት ቻልን። አሁን ደግሞ ሁሉም በየስልኩ ቁራጭ ቁራጩን ያያል። ዋናው የሰኞ ምሽት ዝግጅት ራሱ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ወደ ኔትፍሊክስ ተሻግሯል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በስልክ ብቻዬን ያየሁት ግጥሚያ ግን አብሮኝ አይቆይም። ተሰብስበን ያየነውን ማን የት ተቀምጦ እንደነበረ ጭምር አስታውሰዋለሁ።

አብረውኝ ከሚያዩት አንዱ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ከጡጫው ይልቅ የሚያየው ልብሱን ነው። ካባው ገበሩ ምን እንደሆነ፣ የቁምጣው ጠርዝ በምን ክር እንደተመታ ይነግረናል። ለታጋዩ ሬይ ሚስቴሪዮ ያለው ፍቅርም ከጭንብሉ የመጣ ነው፤ ከኋላ በኩል እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚተበተበውን ለማየት ምስሉን አስቁሙልኝ ይላል። የጭንብሉ ነገር ከሜክሲኮ የመጣ ትልቅ ባህል መሆኑን፣ ኤል ሳንቶ የሚባለው ዝነኛ ታጋይ በ1984 ሲሞት የብር ቀለም ጭንብሉን እንደለበሰ መቀበሩን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ሰፊው ማን ነበር?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ሬይ ሚስቴሪዮ ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ነው፤ ግዙፉ ቢግ ሾው ደግሞ ከ2 ሜትር ከ10 ያልፋል። በ2006 ያ አጭር ሰው ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ ከአንድ ሰዓት በላይ መድረክ ላይ ቆይቶ፣ ታጋዮች በየተራ የሚገቡበትን ሮያል ራምብል ሲያሸንፍ፣ በሚያዝያም የዓለም ቀበቶውን ሲወስድ፣ የሰፈራችን ልጆች ለወራት ትልልቆቹን ልጆች አልፈሩም። ይህን አይቻለሁ።

ሌላው ጓደኛችን ነርስ ነው። የእሱ ዓይን ዳኛው ላይ ነው። ሰው በወደቀ ቁጥር ዳኛው ጎንበስ ብሎ እጁን እንደሚይዘው ያሳየን እሱ ነው። ለተመልካች፣ መቀጠል ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው ይመስላል፤ በእርግጥም እየጠየቀው ነው። የወደቀው ጣቱን ጨመቅ ካደረገ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። እጁ ከዛለ ዳኛው ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አመሳቅሎ ያነሳል፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ቆመ፣ ሐኪም ይግባ ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ እኔም ሬስሊንግን የማየው በሌላ ዓይን ነው። አንዱ ሌላውን በአየር ላይ ገልብጦ ሲያወርደው የመታው ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ እጁ ማጅራቱን ደግፎታል። የጠላቱን አንገት እየጠበቀለት ነው የሚጥለው። ሁለት ሰዎች በሺህ ሕዝብ ፊት አካላቸውን አደራ ሲሰጣጡ ከማየት የበለጠ ምን እውነት ይፈለጋል?

እርግጥ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ይህን የደበቀን የለም። ሬስሊንጉን የሚያዘጋጀው ድርጅት ሰዎች ራሳቸው በ1989 ኒው ጀርሲ ግዛት ውስጥ የሥራቸው ዓይነት መዝናኛ እንጂ ውድድር እንዳልሆነ በይፋ ተናግረዋል፤ የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ግብር እንዲቀርላቸው ነበር። ተመልካቹ ግን አልሄደም። ለምን እንዳልሄደ ለመረዳት ሐረሬ መሆን የሚያግዝ ይመስለኛል። በየምሽቱ ከግንቡ ውጭ ጅብ ይመገባል። ቦታው ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ሥጋው በቅርጫት ተዘጋጅቷል፣ የሚያበላው ሰው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሥጋውን በስንጥር አንጠልጥሎ፣ ስንጥሩን በጥርሱ ይዞ ፊቱን ያቀርባል። ሁሉም ነገር የተሰናዳ ነው። የጅቡ መንጋጋ ግን አልተሰናዳም፤ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ነው። እዚያ ቆሞ «ይሄ ውሸት ነው» የሚል እንግዳ እስካሁን አላየሁም፤ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሬስሊንግም ለእኔ ይኸው ነው። የታሰበበት ነገር ሁሉ የውሸት አይሆንም።

መድረኩ ፍራሽ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ብረት፣ በላዩ ጣውላ፣ ከዚያ ስስ ስፖንጅና ሸራ ብቻ ነው። በ1998 ፒትስበርግ ላይ ታጋዩ አንደርቴከር ማንካይንድ የሚባለውን ሌላ ታጋይ መድረኩን ከከበበው የብረት ጎጆ አናት ላይ ወርውሮ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። ከፍታው ወደ 5 ሜትር ገደማ ነበር፤ የጀጎል ግንብ ራሱ ከዚያ አይበልጥም። አንድ ቀን ሰፊው ከሸዋ በር አጠገብ ግንቡን ቀና ብሎ ለክቶ «ከዚህ?» ብሎኛል። አዎ፣ ከዚህ። ማንካይንድ ተነስቶ ተመልሶ ወደ ጎጆው ወጣ።

የማይነሳም አለ። በ1999 ግንቦት ወር ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ኦወን ሃርት በገመድ ከጣሪያ ወደ መድረኩ እንዲወርድ ታስቦ ማያያዣው ተፈትቶ ወደቀና ሞተ። ዝግጅቱ በዚያው ምሽት ቀጠለ። ይህን በተመለከተ ከጓደኞቼ ጋር አንድም ቀን ተከራክረን አናውቅም፤ መቆም ነበረበት። አንድ ሰው በሥራው ላይ ሞቶ ባልደረቦቹ በዚያው ጣውላ ላይ እንዲወድቁ ማድረግ ነውር ነው። ሬስሊንግን እወዳለሁ ስል ይህን ጠቅልዬ አይደለም።

ወደ አንደርቴከር ልመለስ፤ የኡማ ሰው እሱ ነው። ይገባ የነበረው ደወል ተደውሎ፣ የአዳራሹ መብራት ሁሉ ጠፍቶ ነው። ቴሌቪዥኑ ድንገት ሲጨልም ታናናሾቹ «መብራት ሄደ!» ብለው ይጮኹ ነበር፤ በሐረር ምሽት ይህ ጩኸት ሁሌም ለአፍ ቅርብ ነው። ኡማ ግን ደወሉን ስለምታውቅ አትሸበርም ነበር። «መጣ፣ ዝም በሉ አቦ» ትል ነበር። ሰውየው ሲሞት፣ ሲቀበር፣ ተመልሶ ሲነሳ ለዓመታት አይታለች። በ1990 በዚህ ስም የጀመረ ሰው ነው፤ በዓመቱ ትልቅ ግጥሚያ፣ በሬስልማንያ፣ 21 ጊዜ ገብቶ 21 ጊዜ አሸንፎ ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ ከብሮክ ሌስናር ጋር ሲገጥም ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኝተን አደርን። እዚያ እሑድ ምሽት፣ እዚህ የሰኞ ሌሊት ነው። የባቢሌ ለውዝ ተፈልፍሎ አልቋል፤ ኡማ ያፈላችው ቁጢ ቀዝቅዟል። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል። ሌስናር ለሦስተኛ ጊዜ አንስቶ ጣለው፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ። ስህተት መስሎን ጠበቅን። አዳራሹም ጠበቀ። ስክሪኑ ላይ «21ለ1» የሚል ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከአንዱ መስጊድ አዛን ተነሳ፤ ከዚያ ከሌላው፣ ከዚያ ከሁሉም። ጀጎል ውስጥ ሰማንያ ሁለት መስጊድ አለ። አንዱ ልጅ እንደ ልማዱ ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ፤ የሚቀነስ ድምፅ ግን አልነበረም፤ ሰዎቹ ሁሉ ዝም ብለው ነበር።

ነርሱ ነው መጀመሪያ የተናገረው። «አረማመዱን እዩት፤ ሰውዬው ታሟል» አለ። እኛ ስለ ሽንፈቱ ስናዝን እሱ ስለ ጭንቅላቱ ይጨነቅ ነበር። በኋላ እንደተሰማው አንደርቴከር በዚያ ግጥሚያ ከባድ የአንጎል መናወጥ ደርሶበት ሆስፒታል ገብቷል፤ ከዚያ ቀን የሚያስታውሰውም ጥቂት ነው። ውጤቱ የተጻፈ ነበር፤ መናወጡን ግን የጻፈው አልነበረም። ዘግይቶ ለሚመጣው ሰውዬ በመጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው የኮፊ ኪንግስተን ነገር ነው። ጋና የተወለደ፣ አንድም አፍሪካዊ ያልደረሰበት ቦታ ላይ የደረሰ ሰው። ድርጅቱ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሲያገለግል ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2019 ዋናውን ቀበቶ ሲወስድ ልጆቹ መድረክ ላይ ወጥተው አቀፉት። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ፎቶውን አሳትሞ መስታወቱ ላይ ለጠፈው፤ ከቡና ባንክ አካባቢ እስከ ሸዋ በር ተሳፋሪው ሁሉ «ይሄ ማነው?» እያለ ይጠይቀው ነበር፤ እሱም ሳይሰለች ያስረዳል። ከመቶ ሰማንያ ቀን በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ ኮፊ በዚያው በሌስናር ከአሥር ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ቀበቶውን ተነጠቀ።

የዚያን ዕለት የታየው ንዴት ተራ አልነበረም። እግር ኳስ ላይ ቡድንህ ሲሸነፍ በተጫዋቹ ወይም በዕድል ትናደዳለህ። እዚህ ግን አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ «አሥር ሰከንድ ይበቃዋል» ብሎ ወስኗል። ባለ ባጃጁ የተናደደው በሌስናር አልነበረም፤ በዚያ ቢሮ ነበር። «መሸነፉስ ይሸነፍ፤ ግን እንደ ሰው ይሸነፍ!» አለ። ለዓመታት የለፋ ሰው ዋጋው ስንት ሰከንድ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ አይመስለኝም። ፎቶውን ግን አልነቀለውም።

ኮፊን ስናነሳ ዝም የሚለው ክፍል ጆን ሲናን ስናነሳ ለሁለት ይከፈላል። እጁን ፊቱ ላይ እያወዛወዘ «አታየኝም» የሚለውን ምልክቱን ጀጎል ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም፤ ቁርኣን ቤት ከሚገቡት እስከ ኳስ ከሚያባርሩት። ሃያ ዓመት ሙሉ «ተስፋ አትቁረጥ» የሚል ጽሑፍ ለብሶ የቆየ ሰው ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዋሽንግተን ውስጥ የመጨረሻ ግጥሚያውን ከኦስትሪያዊው ጉንተር ጋር አደረገ፤ አንገቱን ታንቆ፣ ታግሎ ታግሎ፣ በመጨረሻ በእጁ መታ መታ አድርጎ ተሸነፍኩ አለ። ይህን ሲያደርግ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አዳራሹ በጩኸት ተቃወመ። ከእኛ መካከል ወደዚያ አገር የሄደ ጓደኛችን ከአዳራሹ በድምፅ መልእክት ያለቅስብን ነበር፤ ኡማ «ልጁ ምን ሆነ?» ብላ ተነሳች።

በዚህ ላይ ክርክራችን እስካሁን አልቆመም። በሙያው የቆየ ደንብ አለ፤ የሚሄደው ለሚቀረው ተሸንፎ ይሄዳል፤ ስሙን ይዞ አይወጣም፣ ለባለተራው አውርሶ ይወጣል። እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ። ሲናም ሲመታ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር፤ አውቆና ወዶ እንደሰጠ ያሳያል። ነርሱም በዚህ ከእኔ ጋር ነው። ሰፊው ግን በጭራሽ አይቀበለንም፤ «ይሸነፍ፣ ግን መሬት ላይ ተኝቶ ሦስት ይቆጠርበት፤ ልብሱ ላይ የጻፈውን ቃል በእጁ ለምን ያፈርሳል?» ይላል። ባለ ባጃጁ ከሰፊው ጎን ነው። በሚቀጥለው ስንገናኝም ከዚሁ እንጀምራለን።