መዝገብ ላይ ለሌለችው እህቴ

ደሴ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ሥራው እንዴት ይዞሻል? ማዳምሽስ ጠባይዋ ተሻለ? እዚህ የጥር ውርጭ ከጦሳ እየወረደ አጥንት ይሰብራል። እማዬ ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አልሐምዱሊላህ አሁን ተሽሏታል። ልጅሽም ደህና ናት፤ የእሷን ወሬ ወደ ኋላ አቆይቼልሻለሁ።

ባለፈው በኢሞ በላክሽልኝ ድምፅ «ታብሌት ታቅፈህ አገር ለአገር እየዞርክ ስንት ናችሁ ስትል ትውላለህ፤ እኔን ታዲያ ከየትኛው ቤት ቆጠርከኝ?» ብለሽ ስቀሽ ነበር። እኔም በሳቅ አለፍኩት። ጥያቄው ግን ውስጤ ቀረ። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የሚወራ ነገር አይደለምና በደብዳቤ ይሁን ብዬ ነው፤ ወደ ጅዳ የምትመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ታደርስልሻለች።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ከየትም ቤት አልተቆጠርሽም። ምክንያቱን ሳትሰሚ ግን እንዳትቀየሚኝ።

ሥራችን እንዲህ ነው። አንድ የተመረጠ የቆጠራ ቦታ ይሰጠናል፤ መጀመሪያ እዚያ ያለው ቤት ሁሉ ይመዘገባል፤ ከዚያ ዕጣ የወጣባቸው ብቻ ይጠየቃሉ። ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን፤ ውሻ ይያዝልናል፤ ቡና ሳትጠጡ አትጠይቁም የሚል አይጠፋም። በእኛ ደንብ አንድ ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ነው፤ ደም አይጠየቅም። ምራት እዚያው ግቢ ውስጥ ጉልቻ ለይታ ከሆነ ሌላ ቤተሰብ ናት፤ ባዳ የሆነ እረኛ እዚያው እየበላ እዚያው የሚያድር ከሆነ ግን የቤቱ ሰው ነው። የመጀመሪያው መስመር የአባወራው ወይም የእማወራዋ ነው፤ ሌላው በተራ ይከተላል፦ ለቤቱ ኃላፊ ምኑ ነው፣ ወንድ ነው ሴት፣ ዕድሜው ስንት ነው። ከዚያ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ፤ አንቺን ከቤት የሚያስወጡሽ እነሱ ናቸው። «ዘወትር የሚኖረው እዚህ ነው?» «ትናንት ማታስ እዚህ አድሯል?»

ሁለተኛዋ ጥያቄ ጉደኛ ናት። በኩታበር በኩል አንድ ቤት ስገባ፣ ከገበያ ሲመለስ የመሸበት ነጋዴ መደብ ላይ ተጋድሞ አገኘሁ። የዚያን ሌሊት እዚያ አድሯልና ስሙ ገባ፤ ከዚያ ቤት ሕዝብ አንዱ ሆነ ማለት ነው። እናትየው ደግሞ የቤተሰቡን ስም ስትጠራልኝ ከባሏ አስቀድማ የልጇን ስም ጠራች። የት ናት ስላት ሪያድ። ከሄደች? አራት ዓመት አልፏታል። ከስድስት ወር በላይ የራቀ ሰው የቤቱ ነዋሪ ተብሎ አይጻፍምና ዘለልኳት። እናትየው ነጋዴውንም እኔንም እያፈራረቀች አየችና «ይኼን ጽፈህ እሷን ልትተዋት ነው?» አለችኝ። ቢሆንም ሁለተኛውን ስኒ አልከለከለችኝም።

ደንቡን ለመኮነን አይደለም። እናት ሁሉ በሆዷ ያለውን ትቁጠር ቢባል አገሩ ሁለት እጥፍ ይሆን ነበር። ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው እዚያም ሊቆጠር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያም። እንዲያውም ከመጠይቃችን ውጭ የሚቀረው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት፣ ወህኒ ያለው፣ ካምፕ ያለው ወታደር፣ ሐይቅ አካባቢ በየመጠለያው የከረመው ተፈናቃይ፣ እነዚህ ሁሉ የቤተሰብ ነዋሪ አይባሉም። ትልቁ ቆጠራ ለብቻቸው ይቆጥራቸዋል፤ የእኛ ዓይነቱ የናሙና ጥናት ግን ደጃቸውንም አይረግጥ። ስለዚህ «የክልሉ የቤተሰብ ነዋሪ እንዲህ ነው» የሚል ሠንጠረዥ ስታዪ፣ ያየሽው አገሩን ሳይሆን በዚያ ሌሊት በየቤቱ ያደረውን ሰው ነው።

ትልቁ ቆጠራ ካልኩሽ አይቀር፣ የመጨረሻው የተደረገው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ተባለ፤ ቤተሰቡ ወደ 4 ሚሊዮን፣ በአንድ ቤት በአማካይ 4.3 ሰው፤ ከተማ 3.3፣ ገጠር 4.5። የእኛ ደቡብ ወሎ ብቻውን ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሆኖ በአንድ ቤት 4.2 ገደማ ወጣለት። ከመቶው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 29 ያህሉ ክርስቲያን። ቁጥሩ እንዲህ ለየብቻ ያስቀምጠዋል እንጂ፣ አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ዓይነት ሥጋ የሚሰናዳበትን፣ አንድ ቤት ውስጥ አጎት ክርስቲያን አክስት ሙስሊም የሆኑበትን አገር አንቺው ታውቂዋለሽ።

ያ 17.2 ሚሊዮን ራሱ ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም። በትንበያ ከተጠበቀው በሁለት ሚሊዮን ከምናምን አንሶ ስለመጣ ምክር ቤት ድረስ አነጋግሯል፤ ገና ዛሬም ሰው ቡና ላይ ያነሳዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ መደረግ ነበረበት። አራተኛው ለ2010 ታቅዶ ወደ 2011 ተገፋ፤ ታብሌቱ ተገዝቶ፣ ቦታው ሁሉ ተከልሎ ሳለ እንደገና ተራዘመ፤ ይኸው እንደተራዘመ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ሰሞን የተወለደ ልጅ ዛሬ 18 ዓመት አልፎት፣ ምናልባትም ኤጀንሲ ደጅ ቆሞ ፓስፖርቱን እያገላበጠ ነው። እኛ ደግሞ እሱ ገና አራስ ሳለ በተቆጠረው ሕዝብ ላይ ትንበያ እየደመርን እንሠራለን። ይኼን ያህል ዓመት ያለ ቆጠራ መኖር ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ በጀቱም፣ የምርጫ ክልሉም፣ የትምህርት ቤቱም እቅድ የሚነሳው ከቆጠራ ነውና።

በመሀል በመሀል የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባይኖር ጭራሽ ጨለማ ነበር። በ2008ቱ ጥናት አገሪቱ ውስጥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 4.6 ሲሆን፣ በእኛ ክልል 3.7 ነበር፤ ሶማሌ ክልል 7.2፣ አዲስ አበባ 1.8። እማዬ ሰባት ወልዳ «ይሄማ ምን አላት» ስትባል የኖረች ሴት ናት፤ አሁን የማገኛቸው ወጣት እናቶች ሦስተኛውን ሲያስቡ ያቅማማሉ። ያም ሆኖ በዚያው ጥናት ከአገሩ ሰው 47 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ነበር። ከአራት ቤት አንዱ ደግሞ በሴት የሚመራ ነበር። ይኼኛውን ሰው ወረቀት ላይ ሲያየው የሞት ወይም የፍቺ ጉዳይ ይመስለዋል። እኔ ካሉና ተሁለደሬ ስዞር የማየው ባሏ በባሕር የሄደባትን ሴት ነው። ከዚያ በላይ የሚገርመኝ ግን አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ያሉበት ቤት ነው፤ በመሀል ያለው ትውልድ በሙሉ ፎቶ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ ትዝ ይልሻል? አንቺ ያኔ ገና ተማሪ ነበርሽ። አክስታችን ቤት በአንድ ወር ሦስት ሰው ተጨመረ፤ ምጣድ አልበቃ አለ። በማግሥቱ ዓመት ሁሉም ተመልሰው ሄዱ። በመሀሉ ጥናት የመጣ ቢሆን ያ ቤት ትልቅ ቤተሰብ ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ዕድሜ ማስሞላት የሚባለውን አበሳ ሳላነሳልሽ አላልፍም። ሰው ዕድሜውን በ5 እና በ10 ማሳረፍ ይወዳል፤ 40፣ 45፣ 50። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት ሳይሆን ዘመን እንጠይቃለን፦ ደርግ ሲገባ፣ በ77ቱ ድርቅ፣ መንግሥት ሲለወጥ። እማዬ ዕድሜዋን የሚያወጣላት አጥታ ኖራለች፤ እኔ ግን ይዣታለሁ። «በ66ቱ ክፉ ቀን የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር፤ ቆሎ መብላት አቅቶኝ አለቅስ ነበር» አለችኝ። ጥርስ የሚወልቀው በሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ እንግዲህ 60 ልትሞላ ነው ማለት ነው። ስነግራት «ኧረ ተው፣ ያን ያህል አላረጀሁም» አለች።

የሙያችንንም ገመና ልንገርሽ። ረጅሙ ቃለ መጠይቅ ከ15 እስከ 49 ላሉ ሴቶች ነው። ሥራ የበዛበት ጠያቂ የ15 ዓመቷን 14፣ የ49 ዓመቷን 50 ብሎ ቢያልፋት አንድ ሰዓት ይተርፈዋል። ከሪፖርት በኋላ ግን ይጋለጣል፤ 14 ላይ ሴት ልጅ በዝታ 15 ላይ ታንሳለች። እንደኔ ከሆነ ከመራብና ከመንከራተት የበለጠ ይኼን ሥራ የሚያበላሸው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የራስን ቤት መጠየቅ አይፈቀድም፤ ግን ማታ ማታ ሳስበው በአእምሮዬ ሞልቼዋለሁ። እማወራ፦ እናታችን። ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ሚስቴ፣ ቀጥሎ ልጅሽ፤ የልጅ ልጅ፣ ሴት፣ 9 ዓመት። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሁሉ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። እናቷ በሕይወት አለች? አዎ። እናቷ እዚህ ቤት ትኖራለች? አትኖርም። በሰው ቤትም ይኼ ጥያቄ ላይ ስደርስ ማጥፊያው ላይ ጣቴን አሳርፌ ብዙ ጊዜ እቆያለሁ፤ የዚያ ቤት ልጅ አጠገቤ ቆማ «እማማ ስልክ ላይ ናት» ስትለኝ የማደርገው የለም።

ግን እታለም፣ መጠይቁ እዚያ አያልቅም። የአባላቱ ዝርዝር ሲዘጋ የቤቱ ንብረት ገጽ ይከፈታል። ጣሪያው ምንድን ነው? ቆርቆሮ። ወለሉ? ሲሚንቶ። ፍሪጅ? አለ። ቴሌቪዥን? አለ። የራሳችሁ ሽንት ቤት? አለ። በዚያ ገጽ ነው ቤቱ ደሃ ወይም ደህና ኑሮ ያለው ተብሎ የሚመደበው። ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች የሞላሽው አንቺ ነሽ። ስምሽ የለም፤ ቆርቆሮው ግን በመጀመሪያው የረመዳን ደሞዝሽ እንደተመታ እኔና አናጢው እናውቃለን። እኔ በየቤቱ ስዞር ሳር ቤት መሀል የሚያብለጨልጭ ጣሪያ ሳይ፣ ገና ሳልጠይቅ ከዝርዝሩ የምትጎድል ሴት እንዳለች እገምታለሁ። ብዙ ጊዜ አልሳሳትም።

ኢቃማሽ ሲያልቅ እመለሳለሁ ያልሽውን እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች፤ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ለእኔ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ቀስ አድርጌ አስረዳታለሁ። የዚህን ወር ብር አትላኪ፤ ጤፉ ተገዝቷል፣ የእኔም አበል ሰሞኑን ይገባል። ጥርስሽን ታከሚበት። ልጅሽ በመንፈቀ ዓመቱ ሦስተኛ ወጥታለች፤ አንደኛ የወጣችው የመምህሯ ልጅ ናት ብላ ተቆጥታለች፤ ለእሷ የምትልኪው ጫማ ቁጥሩ 34 ይሁን፣ ያለፈው ጠቧት ለአክስት ልጅ ሰጥተነዋል።

ዱዓሽ አይለየን።

ወንድምሽ