ማቅናትና ማጽናት

በአገራችን ታሪክ «አገር ማቅናት» የሚባል ትልቅ ሥራ አለ። ያቀኑት ሰዎች ስማቸው ይነሣል፤ የቀናውን ይዘው ያቆዩት ግን ብዙ ጊዜ አይነሡም። ይህን ነገር የተማርሁት ከታሪክ ክፍል ሳይሆን ከገዛ አፌ ነው ብል አንባብያን እንዳትስቁብኝ። የተደራረቡትን ጥርሶቼን ለማቅናት ሁለት ዓመት ብሬስ አድርጌ ቆየሁ። ሽቦው ሊፈታ ሲል ሐኪሙ «ዋናው ሥራ ገና አሁን መጀመሩ ነው፤ ከሦስቱ ሪቴይነሮች የትኛውን ትመርጣለህ?» አለኝና አንድ ሳምንት ቀጠረኝ። ሪቴይነር ማለት የቀናውን ጥርስ በያለበት ይዞ የሚያቆይ መሣሪያ ነው።

መያዣ ለምን አስፈለገ? ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ አይደለም። ሥሩን ከመንጋጋ ጋር የሚያያይዙት አንድ ሚሊሜትር እንኳ ርዝመት የማይሞሉ ጅማቶች ናቸው። ብሬስ ጥርሱን ሲገፋው፣ በተገፋበት በኩል አጥንቱ እየሟሟ፣ በተወው በኩል አዲስ አጥንት እየተሠራ ቦታ ይለውጣል። ሽቦው ሲፈታ ግን ጅማቶቹ ገና አልተረጋጉም፤ በተለይ በድድ ውስጥ ያሉት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው ይጎትቱታል።

ኮልፌ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አጣና ተራ ሄዶ አጥር ያሳጠረ ሁሉ እርጥብ ባሕር ዛፍ ታስሮ ካልደረቀ እንደሚጣመም ያውቃል። ልዩነቱ፣ አጣናው አንድ ጊዜ ከደረቀ አበቃ፤ የሰው ጥርስ ግን ዕድሜ ልኩን እርጥብ ነው። በአሜሪካ የሲያትል ተመራማሪዎች በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጥርሳቸው ከተቃናና መያዣውን ከተዉ ቢያንስ አሥር ዓመት የሆናቸውን 65 ሰዎች ቢመረምሩ፣ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ የታች የፊት ጥርሳቸው መልሶ ተዛንፎ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። የመጀመሪያው የሃውሌይ ሪቴይነር ይባላል፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ሃውሌይ በ1919 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ነው። ላንቃ ላይ የሚቀመጥ ፕላስቲክና በፊት ጥርሶች ላይ የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ አለው። ይታያል፤ ለጥቂት ቀናትም ምላስን ያኮላትፋል፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ይቆያል፣ ሲላላም ይጠበቃል። ሁለተኛው በጥርሱ ቅርጽ የሚወጣ እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ ነው። ዋጋው ይቀላል፣ አይታይም፤ ግን ይሰነጠቃል፣ ሙቀትም ያጣምመዋል። ሦስተኛው ከፊት ጥርሶች ጀርባ በሙጫ የሚለጠፍ ሽቦ ነው። የሚረሳም የሚጠፋም አይደለም፤ ዳሩ ግን በዙሪያው ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ ቆሎና አጥንትም ያላቅቁታል። እስከ ዛሬ የተደረጉት ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ በእርግጥ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም።

ጉዳዩ ቤታችን ሲቀርብ እናቴ ፈጥና ፈረደች። ለብሬሱ የወጣው ገንዘብ የእርሷ እቁብ ስለ ነበረ የመፍረድ መብት አላት። «አንተ ልጅ፣ ቁልፍ እንኳ በእጅህ አይበረክትም። የሚለጠፈውን አድርግ፤ እቁቡ ሁለተኛ አይወጣም» አለችኝ። አያቴ በበኩሏ ነገሩን ሁሉ አልወደደችውም፤ በእርሷ ዘመን ፍንጭት ያላት ልጅ ትመረቅ ነበር እንጂ ሐኪም ዘንድ አትሄድም ነበርና። እውነትም ፍንጭቱን የሚወድ ሰው ብሬስ ከማሰሩ በፊት ይናገር፤ ከተዘጋ በኋላ እንደገና ሊከፈት የሚታገል ክፍተት ነው፣ ተዘግቶ እንዲቆይ ከተፈለገም ጽኑ መያዣ ይሻል።

እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ ስድስት ኪሎ በታክሲ ስመላለስ ያሰብሁት ሌላ ነገር ነበር። ሦስቱም ይበላሻሉ፤ ታዲያ ሲበላሽ ማን ያውቃል? የተለጠፈው ሽቦ ከአንድ ጥርስ ላይ ቢላቀቅ አያምም፤ ጥርሱ በዝምታ ይሄዳል። እኔ የሥነ ጥበባት ተማሪ ነኝ፤ ከተመረቅሁ በኋላ እንጀራዬ ወዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም። በምሄድበት ከተማ ሽቦ መልሶ የሚለጥፍ ሐኪም ላይኖር ይችላል። የሚወልቀው ግን አንድ ሁለት ሌሊት ቢዘለል በማግሥቱ ሲጠልቅ ጠበቅ ይላል፤ ጥርሴ መንቀሳቀሱን ራሱ ይነግረኛል። ስለዚህ ለላዩም ለታቹም ሃውሌይን መረጥሁ። ሐኪሙም «ይሆናል፤ መጀመሪያ ጥቂት ወራት ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት፣ ዕድሜህን ሙሉ» አለኝ። እናቴ የተስማማችው መያዣው የሚቀመጥበት ሣጥን ከእርሷ ሬዲዮ አጠገብ እንዲሆን አስፈርማኝ ነው።

ተራው ለሚደርሳችሁ ጓደኞቼ ጥቂት ልጨምር። ለመብላት ስታወልቁ በሶፍት አትጠቅልሉት፤ ገበታው ሲነሣ አብሮ ይጣላል። ጉርሻ ሲመጣ «ቆይ ላውልቅ» ማለት ነውር አይደለም። ቡናም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል መያዣው ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ። በፈላ ውሃ አትጠቡት፤ ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። የምራቅ ሽታ ስለሚስበው ከግቢ ውሻም ይጠበቅ። በሁዳዴም ሆነ በረመዷን የሚጾሙ ወዳጆቻችን በዚህ ይበልጡናል፤ ቀኑን ሙሉ ለማውለቅ ምክንያት የላቸውም።

«የቱ ይሻላል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ጥያቄ ነው፤ ቸልተኛ ናችሁ ወይስ ጠንቃቃ? ነገስ የት ትኖራላችሁ? በየቀኑ ራሱን ማዘዝ ለሚያቅተው የተለጠፈው ይሻለዋል፤ ማፈሪያም አይደለም፣ በየጊዜው ሐኪም ዘንድ ይመለስ እንጂ። ማቅናቱን ሐኪሙ በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል። ማጽናቱ ግን በየሌሊቱ ለባለቤቱ የተተወ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚያጨበጭብለት ሰው አይኖርም።