የባሕር ዳር ዓሣ ማጥመጃ፦ ገንዘቡ የቱ ላይ ይዋል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄን ለመጠየቅ አሜሪካ ስሄድ ያሁኑ ሦስተኛዬ ነው። ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት። ባለፈው ሰኔ የ13 ዓመቱ የልጅ ልጄ «ዓሣ ማጥመድ እፈልጋለሁ» ብሎ ተነሣ። ያማረው ኩሬ ወይም ወንዝ አይደለም፤ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ቆሞ መወርወር ነው። እናቱም «እማዬ፣ አንቺ አሰብ ሠርተሻል፣ ባሕር ታውቂያለሽ፤ ይዘሽው ሂጂና ምረጡ። 120 ዶላር አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ግን የለኝም» አለችኝ። ይህ ገንዘብ ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስታገላብጥና ስታጥብ አድራ የምታገኘው ነው። እኔም የሌሊት ተረኝነትን ስለማውቀው እንደ ቀላል አላየሁትም።

የማጥመጃ ዕቃ መደብር ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ዘንጎቹ ላይ ነው። እንደ ጦር ተደርድረው ቆመዋል። ርካሹ 30 ዶላር፣ ውዱ ብዙ መቶ። ልጁ በቀጥታ ሄዶ 12 ጫማ የሚሆን፣ ወደ 3 ሜትር ከ65 የሚረዝም ጥቁር የሚያብለጨልጭ ዘንግ አንሥቶ «እማማ፣ ይኼ ነው!» አለ። ዋጋውን ሳይ ዘንጉ ብቻውን ገንዘባችንን በልቶ ይጨርሳል።

እኔ ግን አሰብን አስታወስኩ። በ1977 ዓ.ም. ተመድቤ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ ፀሐይ በረድ ስትል የወደብ ሠራተኞች ባሕሩ ዳር ይወርዱ ነበር። በእጃቸው ዘንግ የለ፣ ሪል የለ። ያላቸው ጠርሙስ ወይም ቁራጭ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ናይለን ክር፣ መንጠቆና ትንሽ እርሳስ ነው። ክሩን ከራሳቸው በላይ አዙረው ይወረውሩና በጣታቸው ጫፍ ይዘው ይጠብቃሉ፤ እንደ ደም ሥር ትርታ ማለት ነው። ዓሣም ይዘው ይገባሉ።

ታዲያ ዓሣ የሚይዘው ክርና መንጠቆ ከሆነ ዘንግና ሪል ምን ያደርጋሉ? ዘንጉ እርሳሱን ከሚሰበረው ማዕበል አሻግሮ ይጥላል፣ ዓሣው ሲጎትትም ጎበጥ ብሎ ጉተታውን ያለዝባል። ሪሉ ክሩን ይይዛል፣ በፍሬኑም ዓሣውን እየያዘ እየለቀቀ ያደክማል። ስለዚህ ሐሳቤን የማስቀድመው ለክሩና ለቋጠሮው፣ ከዚያ ለሪሉ ፍሬን፣ በመጨረሻ ለዘንጉ ነው። የመደብሩ ግድግዳ የሚያሳየን የዚህን ግልባጭ ነው።

ዘንጉን እንጨርስና ወደ ዋናው እንሂድ። ረጅም ዘንግ ሩቅ ይወረውራል፣ እውነት ነው። ግን ሩቅ የሚወረውረው ትከሻው ለቻለ ሰው ነው። ደግሞስ ሩቅ መወርወር ለምን አስፈለገ? ማዕበሉ አሸዋውን እየቆፈረ ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄድ ቦይ ይሠራል፤ ከቦዩ ማዶ አሸዋው ተመልሶ ጉብ ይላል። ማዕበሉ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ጉብታ ላይ ነው። የሚበላ ፍለጋ የሚመጡት ዓሦች በዚህ ቦይ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ቦዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሄዶ ማየት ነው፣ ቦዩ በዓይን ይለያል። ለዚህ ርቀት 9 ወይም 10 ጫማ ዘንግ ይበቃል። ለ13 ዓመት ልጅም፣ ቀኝ ትከሻዋ ክረምት ሲገባ ለሚያስታውሳት ለእኔ ቢጤም ልኩ ይኼ ነው።

ከእጀታው በላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ከ2 እስከ 6 አውንስ የሚል ከሆነ ከ56 እስከ 170 ግራም እርሳስ ይወረውራል ማለት ነው፤ ለማዕበል ዳር ጥሩ ነው። ግራፋይት የሚባለው ቀላልና ፈጣን ነው፣ ሲጋጭ ግን ይሰነጠቃል። ፋይበር ግላስ ከበድ ይላል፣ ግን የመኪና በር ቢነካውም ብዙ ጊዜ ይችላል። ልጅ ላለበት ቤት ፋይበር ግላስ ወይም የሁለቱ ቅልቅል ይሻላል። ሁለት ቦታ የሚፈታውን ምረጡ፣ አለበለዚያ መኪና ውስጥ አይገባም። አንድ ነገር ደግሞ ከክሊኒክ ያመጣሁት አለ። ቦርሳዬ ውስጥ ጥጥ አይጠፋም፤ ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች አንድ በአንድ በጥጥ ጠረግሁ። የጥጡ ጭረት ከቀለበቱ ላይ ከቀረ ቀለበቱ ስንጥቅ አለበት፣ ክሩንም እንደዚያው ይበላዋል። የመደብሩ ልጅ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ምን ሊል እንደፈለገ አላውቅም፣ ምንም አላለም።

ሪል ላይ የሚጻፉ ቁጥሮች ሰው ያደናግራሉ። ለባሕር ዳር 5000 ወይም 6000 የሚል መጠን ያለው በቂ ነው፤ ከ200 ሜትር በላይ ክር ይይዛል። «ይህን ያህል ኩሽኔታ አለው» የሚለው ማስታወቂያ አያባብላችሁ፤ አራት ደህና ኩሽኔታ ከአሥር ተራ ይሻላል። ማየት ያለባችሁ ፍሬኑን ነው። ክሩን በእጃችሁ ስትስቡት በእኩል ኃይል እየለሰለሰ ከወጣ ጥሩ፤ እየተያዘ፣ ድንገት እየለቀቀ፣ እየተያዘ ከሆነ ተዉት፣ ክር የሚበጠሰው በዚያች ድንገተኛ መያዝ ነው። ፔን፣ ዳይዋ፣ ሺማኖ፣ ኦኩማ የሚባሉት ሁሉም ርካሽና ውድ አላቸው። ስሙን አይታችሁ ሳይሆን ፍሬኑን ስባችሁ ግዙ።

ፍሬኑ ምን ያህል ይጥበቅ ለሚለው ከዚህ የሄደ ሐበሻ ሁሉ ቤት ያለ መሣሪያ አለ፤ የሻንጣ ሚዛን። 20 ፓውንድ የሚችል ክር ማለት ወደ 9 ኪሎ ነው። ፍሬኑ ከዚያ ሩብ ያህሉ ላይ፣ 2 ኪሎ ተሩብ አካባቢ መልቀቅ አለበት። ክሩን ሚዛኑ ላይ አሥረን ልጁ ዘንጉን ይዞ ሳሎን ውስጥ እየሳበ ለካነው። ሚዛኑ በርበሬና ሽሮ መዝኖ የመጣ ነው፣ ዓሣ ማጥመጃም መዘነ።

አሁን ወደ ክሩ። እዚህ ላይ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። በነርስነት ዘመኔ ሁለት ዓይነት የመስፊያ ክር ይዤ ኖሬያለሁ፤ አንዱ እንደ ናይለን አንድ ነጠላ ዘንግ የሆነ ለስላሳ፣ ሌላው እንደ ሐር በቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ። የማጥመጃ ክርም በነዚሁ ሁለት ይከፈላል። ሞኖፊላመንት የሚሉት ነጠላው ናይለን ነው። ብሬድ የሚሉት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ነው። ጠባያቸውም ከመስፊያዎቹ ጋር ይመሳሰላል።

የተጎነጎነው ለተመሳሳይ ጥንካሬ በጣም ይቀጥናል፣ ስለዚህ ራቅ ይላል። ስለማይለጠጥም ዓሣው ገና ሲነካው እጅ ላይ ይሰማል። ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ አሸዋ ይጎዳዋል፣ ሲወሳሰብ ጀማሪ አይፈታውም፣ ጣትም ይቆርጣል። እጁ ላይ ጠቅልሎ የሚጎትት ልጅ ቁስሉ ጥልቅ ይሆናል። ነጠላው ናይለን ይለጠጣል፤ መለጠጡ ደግሞ ለጀማሪ ምሕረት ነው፣ ዓሣው ድንገት ሲዞር ክሩ ራሱ ያባብለዋል። 20 ፓውንድ የሚችለው ውፍረቱ 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ በእኛ መስፊያ ልክ 1 ቁጥር የምንለው። ጉዳቱ ጥቅል ሆኖ መቆየትን መልመዱ ነው፣ ፀሐይም ያደክመዋል። በዓመት አንዴ መለወጥ ነው፤ ደግነቱ አንዱ ጥቅል 10 ዶላር አይሞላም። እኛ ይህንን ገዛን።

ቋጠሮ ላይ ግን ስስት የለም። ናይለን ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ነው ቁስል ስንሰፋበት ተጨማሪ ቋጠሮ የምንጨምረው። ማጥመጃም ላይ መንጠቆውን አስገብቶ ክሩን በራሱ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ መጠምዘዝ፣ ከዚያ ሳይጠብቅ በፊት በምራቅ ወይም በውሃ ማርጠብ። በደረቁ ከተጠበቀ ሰበቃው ያሞቀዋል፣ የሞቀ ናይለን ደግሞ ይደክማል። ልጁ ማርጠቡን ይረሳል። ሦስት ጊዜ ቆርጬ እንደገና አሠራሁት፤ አራተኛውን ሳልነግረው አረጠበ።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን እርሳሱ ነው። ማዕበል አሸዋ ላይ እንዳይጎትተው ፒራሚድ ቅርጽ ያለው 4 አውንስ፣ 113 ግራም የሚመዝን እርሳስ እንጠቀማለን። በኃይል ሲወረወር ክሩ ከተበጠሰ ያ እርሳስ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይበራል፣ ዳርቻው ደግሞ በልጆች የተሞላ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በዋናው ክር ጫፍ ወፍራም ክር መቀጠል፤ ልኩም ለእያንዳንዱ 1 አውንስ 10 ፓውንድ ነው፣ ለ4 አውንስ 40 ፓውንድ የሚችል። ርዝመቱ የዘንጉ ሁለት እጥፍ ሆኖ ሪሉ ላይ ጥቂት ዙር መጠቅለል አለበት። «ገንዘብ ካልበቃን ይህችን እንተዋት» አለኝ ልጁ። ከሁሉ በፊት የከፈልኩላት ለእሷ ነው።

ሒሳቡን ላስቀምጥላችሁ። ዘንግና ሪል አንድ ላይ ተገጥመው የሚሸጡት «ኮምቦ» የሚሉት፣ 10 ጫማ፣ ቅልቅሉ፣ 75 ዶላር። ክር 9፣ ወፍራሙ መቀጠያ 6፣ እርሳስና መንጠቆ 14፣ ፒንሳ 7። ድምሩ 111፤ የሜሪላንድ 6 በመቶ ታክስ ሲጨመር 118 ዶላር አልሞላም። ዘንግ ማቆሚያውን አልገዛንም፤ ጎረቤት ቤት ከተረፈ የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ አንድ ሜትር ጫፉን ሰያፍ ቆርጠን አሸዋ ላይ ተከልነው። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የማጥመጃ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ለእኔ ያስፈልጋል፤ የእሱን ከኪሴ ከፈልኩ። ልጄ ደረሰኙን አገላብጣ አይታ፣ የተረፈውን መልስ ቡና ግዙበት አለችን።

የሄድነው አሳቲግ ደሴት ነው፣ ከቤት ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ የዱር ፈረሶች አሸዋው ላይ እንደ ልባቸው የሚዞሩበት ነው። እንደ ተመኘነው ባይሆንም ኪንግፊሽ የሚሏት ትንሽ ዓሣ ሁለት ያዝን፣ ሁለቱም ከቦዩ ውስጥ፣ ከ30 ሜትር ሳይርቅ። መንጠቋችን ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ክብ ዓይነት ነው። ዓሣውን ብዙ ጊዜ የከንፈሩ ጠርዝ ላይ ስለሚይዘው ለመልቀቅም ይቀላል፤ ስትራይፕድ ባስ የተባለውን ትልቁን ዓሣ በተፈጥሮ ምግብ ለሚያጠምድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአትላንቲክ ዳርቻ ግዴታ ነው።

መንጠቆ ካነሣሁ አይቀር፣ ጣት ውስጥ ገብቶ እሾኩ ከቆዳ በታች ካለፈ ወደ ኋላ አትጎትቱት፣ ሥጋ ይቀድዳል። ክሩን ቆርጣችሁ፣ ሸፍናችሁ፣ ጤና ተቋም ሂዱ። ዓይን አካባቢ ከሆነ በጭራሽ አትንኩት። የቴታነስ ክትባታችሁ መቼ እንደሆነም ከመሄዳችሁ በፊት እዩ።

እዚህ አገር ላላችሁና ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ዳር ለምትሞክሩ ይህ ሁሉ ይቀንሳል። የሚሻገሩት ማዕበል ስለሌለ 7 ጫማ ዘንግ፣ 3000 የሚል ሪል፣ 10 ፓውንድ ክር ለቆሮሶ ይበቃል፤ አምባዛ ካሰባችሁ ክሩን ወፈር አድርጉት። ቋጠሮውን ማርጠብ እዚያም አይቀርም።

ባሕር ላይ ግን አንድ የቀረ ሥራ አለ። ጨው ሪልን በአንድ ሳምንት ውስጥ መብላት ይጀምራል። ማታ ቤት ስትደርሱ፣ ደክሟችሁም ቢሆን፣ ንጹሕ ውሃ በዝግታ አፍስሱበት፤ በኃይል የሚረጭ ቧንቧ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጥረጉት፣ ፍሬኑን አላሉት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት። የልጅ ልጄ ይህን የሚያደርገው ገንዳው ውስጥ ነው። እናቱ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ገንዳው ሥር አሸዋ ታገኝና ትጮህበታለች፤ እሱም ሪሉን በፎጣ እንደ ሕፃን ጠቅልሎ ይዞ ወደ ክፍሉ ይሮጣል።