ወንዝም ይድናል

በስደት ዓለም የምንገናኝባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ሠርግ፣ ለቅሶና ስብሰባ። ሠርጉ ላይ ሙዚቃው አያነጋግርም። ለቅሶው ላይ ጨዋታ ነውር ነው። ስብሰባው ደግሞ በአጀንዳ ተጀምሮ በኩርፊያ ያልቃል። የቀረው ጊዜ የሥራ ነው። አንዱ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ሌላው ቀን ሆስፒታል ውሎ ማታ ሁለተኛ ሥራው ይገባል። ዴንቨር ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሮ፣ ቤት ገዝቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በየማለዳው በመኪናው መስኮት የሚያያቸውን ተራሮች አንድ ቀን ያልረገጠ ወገን ብዙ ነው።

ስለዚህ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ወንድማችን «ለሦስት ቀን ዓሣ ልናጠምድ እንሂድ» ሲሉን መጀመሪያ ሳቅን። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ የተረተባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ያደጉት ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራራ ወንዞች የተለቀቁትን ትራውት የሚባሉ ዓሦች፣ ፈረንጆች በዲንሾ አካባቢ ሲያጠምዱ እያዩ ነው ያደጉት። እዚህ ከመጡ በኋላ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባቸው ፍላይ ፊሺንግ የሚባለውን ሙያ አስተማራቸው።

ጋሼ ከዓሣው ሌላ ያሰቡት ነገር ነበራቸው። ከጋበዟቸው መካከል ሁለቱ፣ ባለታክሲውና ነርሱ፣ ናይሮቢ በስደት አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩ፣ እዚህም መጥተው አበልጅ የሆኑ ወዳጆች ናቸው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ጦርነቱ ከተቀሰቀሰበት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሰላምታ አልነበራቸውም። የፕሪቶሪያው ስምምነት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ተፈረመ፤ ሁለቱ ግን አልፈረሙም። አንዱ ባለበት ሌላው አይገኝም። ጋሼ ለሁለቱም በግልጽ ነገሯቸው፤ «እሱም ይመጣል። እኔን ታከብረኝ እንደሆነ አንተም ትመጣለህ።»

እ.ኤ.አ. በ2024 የሠራተኞች ቀን በዓል ሲደርስ ቅዳሜ ማለዳ ከአውሮራ ወጣን። በአንድ መኪና አምስት ነበርን፤ አምስተኛው ምግብ ቤት ወጥ የሚሠራ ሙስሊም ወዳጃችን ነው። ጋሼ አንድ ሕግ አወጡ፤ እስከ ሰኞ ማታ ስለ ሀገር ቤት ፖለቲካ አፉን የከፈተ በእግሩ ይመለሳል።

መንገድ 285ን ይዘን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወጣን። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የኬኖሻን በር ስናልፍ ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ተዘረጋ፤ ብርዱም ሣሩም የመንዝን ደጋ ያስታውሳል። ከሜዳው ማዶ ልጆቻችንን ልናስገባባቸው የምንመኛቸው ዩኒቨርሲቲዎች ተራራ ሆነው ጠበቁን፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን። «ለመውጣት ከክፍያው ይቀላሉ» አለ ወጥ ሠሪው። ከሮኪ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው ሲባል ባለታክሲው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን አስታወሰ። ነርሱ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት የመጀመሪያው ያ ነው። ያረፍንበት የብዌና ቪስታ ከተማ ከፍታ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ሳንባችን እንግድነት አልተሰማውም።

ማጥመጃ ፈቃዱን ከአንድ ሱቅ በደቂቃዎች ውስጥ ገዛን። ለአንድ ወረቀት ዓመታት መጠበቅ የለመደ ስደተኛ እንዲህ በቶሎ ፈቃድ ሲሰጠው ይደነግጣል።

ፍላይ ፊሺንግ እንደ ሌላው ማጥመድ ትል ሰቅሎ መቀመጥ አይደለም። በመንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠቅልሎ ዝንብ ይመስላል። ይህ ሐሰተኛ ዝንብ ከመቅለሉ የተነሣ ብቻውን አይወረወርም፤ ክብደት ያለው ገመዱ ነው የሚያደርሰው። ዘንጉን ወደ ኋላ ትመታለህ፣ ገመዱ ከጀርባህ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ቆም ትላለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትልካለህ። የቸኮለ ሰው ገመዱ ራሱ ላይ ይጠመጠምበታል። እኛ ሁላችንም ቸኮልን። የመጀመሪያውን ቀን ከዓሣ ይልቅ ከቁጥቋጦ ጋር ስንታገል ዋልን።

እሑድ ጠዋት ጋሼ የአርካንሳስን ወንዝ ተሻግረን እንድናጠምድ ፈለጉ። ውኃው ከጉልበት በላይ ነው፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። «ብቻውን የሚሻገር የለም፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ክንድ ለክንድ ተያያዙ» አሉ። በክረምት ወንዝ የተሻገረ የገጠር ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጋሼ ዳር ሆነው ሊያዩን ቀሩ። እኔና ወጥ ሠሪው ተያይዘን ገባን። የቀሩት ባለታክሲውና ነርሱ ነበሩ። ጥቂት ተያዩና ተያያዙ። መሐል ሲደርሱ የነርሱ እግር ሸሸ። «እግርህን ከድንጋዩ ጀርባ አሳርፍ» አለው ባለታክሲው። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። «ቀስ በል፤ እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ» አለው ነርሱ። ከማዶ ደርሰውም ጥቂት ሳይላቀቁ ቆዩ።

ያን ቀን የያዝነውን አብዛኛውን ለቀን፣ ደንቡ የፈቀደልንን ጥቂት ለእራት አስቀረን። ሀገር ቤት የአንዱ ሥጋ ለሌላው አይሆንም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በድግስ ላይ እንኳ ድስት ይለያሉ። ዓሣ ግን የሚባርከው አራጅ አይሻም። ወጥ ሠሪው በሚጥሚጣና በሎሚ ጠበሰው፣ አምስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። የበላነው ቡናማ ትራውት ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1883 ዕንቁላሉ ከጀርመን በመርከብ የመጣ ስደተኛ መሆኑን ጋሼ ሲነግሩን፣ «ግሪን ካርዱንስ ስንት ዓመት ጠበቀ?» ብሎ ወጥ ሠሪው አሳቀን። በሳቁ መካከል ነርሱ ዞር ብሎ «ልጄ ስንተኛ ክፍል ገባ?» ሲል ጠየቀ። ክርስትና ያነሣውን የባለታክሲውን ልጅ ማለቱ ነው። «ዘንድሮ ሃይስኩል ጀመረ። ይጠይቅሃል።» ሁላችንም ዝም አልን።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከዚያ በኋላ ጋሼ ስለ ወንዙ የነገሩን ታሪክ ነው። ከላይ በኩል ሌድቪል በምትባለው ከተማ ከ1860 ጀምሮ ወርቅ፣ ብር፣ እርሳስና ዚንክ ሲቆፈር ኖሯል። ከዋሻዎቹ የሚወጣው መርዛም ውኃ አርካንሳስን በክሎት ነበር፤ ዓሦቹ ዕድሜያቸው አጭር ነበር። በ1983 የፌዴራሉ መንግሥት አካባቢውን ቅድሚያ ከሚጸዱት የተመረዙ ሥፍራዎች መዝገብ አስገባው። በ1992 ከዋሻዎቹ የሚወጣውን ውኃ የሚያጣሩ ጣቢያዎች ሥራ ጀመሩ። በ2014 ደግሞ የወንዙ 164 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍል ኮሎራዶ ለምርጥ የትራውት ውኃዎቿ የምትሰጠውን የወርቅ ሜዳሊያ ማዕረግ አገኘ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የተደረገው ዓሣ መጨመር አልነበረም። መርዙ ከምንጩ ተያዘ፣ ከዚያ ጊዜ ተሰጠው።

እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው። የዕርቅ ስብሰባ እንጠራለን፣ ሽማግሌ እንሰይማለን፤ መርዙ ግን ከየስልካችን በየሰዓቱ መውረዱን ይቀጥላል። በዚያ ሸለቆ ስልካችን ብዙውን ጊዜ አይሠራም ነበር። ሦስት ቀን ማንም ማንንም ሲሰድብ አልሰማንም። ያ ብቻ ለሁለት ሰዎች በቃ።

ተረት እንዳይመስልባችሁ እውነቱን ልናገር። ሁለቱ ስለ ጦርነቱ ዛሬም አይስማሙም። የሞተባቸው ወገን አለ፤ ያ በዓሣ እራት አይካስም፤ ፍትሕም መጠየቁ አይቀርም። ነገር ግን ከመንገዱ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት፣ ለዕንቁጣጣሽ፣ ነርሱ ቤተሰቡን ይዞ ባለታክሲው ቤት ሄደ። ልጁ በሩን ሲከፍት ከክርስትና አባቱ ቁመት ይበልጥ ነበር። አራት ዓመት ምን እንደሚወስድ ያን ቀን አየን።

የኩርፊያችን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፈለው በልጆቻችን ነው። እነሱ የጠቡን ምክንያት አያውቁም፤ የሚያውቁት አንድ አጎት መምጣት ማቆሙን ብቻ ነው። ስለዚህ በየከተማው ያላችሁ ወገኖች፣ ወንዝም ይሁን ተራራ፣ ባሕር ዳርም ይሁን በረሃ፣ ያኮረፋችሁትን ሰው በአንድ መኪና ይዛችሁ ውጡ። ዘንግ ባይኖራችሁ ግድ የለም፤ ስልኩን ግን ቤት ተዉት።

ቸር እንሰንብት።